በየቀኑ አራት ሚሊሜትር

የሰደበኝ አንዷለም ነው። ቀኑ ሚያዝያ 15 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የሕማማት ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ሰው እጅ ለእጅ እንኳ በማይጨባበጥበት ሰሞን። ቦታው ከሞላሌ ወጣ ብሎ ካለው ጉብታ ላይ፣ እኔ የምጠብቀው የዝናብ መለኪያ አጥር ውስጥ ነው። የሰሙት ሁለት ናቸው፤ የወረዳ ግብርናው አፈወርቅና አጥሩን ተደግፈው የቆሙት ጎረቤቴ እትዬ ይታይሽ።

አንዷለም ማሽኑን የተከለው ኢንጂነር ነው። በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

"ኢንጂነር፣ ይህ ማሽን ይዋሻል" አልኩት።

"ማሽን አይዋሽም።"

"በየቀኑ አራት ሚሊሜትር ዘነበ ይላል። ከየካቲት አሥራ ዘጠኝ ወዲህ ጠብታ አልወረደም። ይኸው፣ በየዕለቱ ጽፌዋለሁ።"

ደብተሬን አልተቀበለኝም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ "ስማ፣ አንተ የራዲዮ ድንጋይ ቀያሪ ነህ። በርህን ጠብቅ" አለኝ።

አፈወርቅ ሳቀ። የሳቀውንም ጽፌ ይዤዋለሁ።

ለስድብ አዲስ አይደለሁም። ስድስት ዓመት የመገናኛ ራዲዮ ተሸክሜ በሐምሌ 83 ወደ አገሬ ስገባ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር "የደርግ ትርፍራፊ መጣ" አለ። በ89 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ደግሞ "የቢሮክራሲ ቅሪት" ብለው ከማሳዬ ግማሹን ቆርሰው ወሰዱ። አሥር አለቃ ቢሮክራሲ ሆኖ! ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሮክራሲ! ሁሉንም ችያለሁ። ይህችኛዋ ግን በራሴ ላይ ብቻ የመጣች አልነበረችም።

የእኛ አገር በበልግ ነው የሚኖረው። በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። የተዘራው ገብስ መሬት ውስጥ ደረቀ፣ ለዘር የተቀመጠው ተበላ። እትዬ ይታይሽ የመጨረሻዋን ቁና ገብስ በዐቢይ ጾም ቆልተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ጨርሰዋታል። ለሰኔ የሚዘሩት የላቸውም፤ ማንም የለውም። የዘር እርዳታ ደብረ ብርሃን መጋዘን ገብቷል ተባለ። የሚታደለው ግን መዝገቡ "በልጉ ቀርቷል" ላለለት ቀበሌ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ የማሽኑ ነው። በየቀኑ አራት፣ በየቀኑ አራት። በወረቀት ላይ የእኛን ያህል የጠገበ ቀበሌ አልነበረም።

"እኛ ዝናቡን አላየነውም እንጂ፣ ለካ ሲጥል ነው የከረመው" ይሉ ነበር እትዬ ይታይሽ፤ የተሰነጠቀውን ማሳቸውን እያዩ።

ማሽኑ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ላፕቶፕ ነው። ውጭ ደግሞ ዝናቡን የሚቀበል ቆጣሪ አለ፤ የራሱ ባትሪ አለው፣ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ተያይዟል። በጥር ብርድና ጉም ሶላሩ አልበቃ ብሎ ላፕቶፑ እየጠፋ ሲያስቸግር፣ አንዷለም የካቲት 19 መጥቶ ፕሮግራም ጻፈለት። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነቃል፣ ቆጣሪውን "ስንት?" ብሎ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ከማጥፋት ይለያል። የጠፋ ማሽን ሲበራ ሁሉን ነገር ከሀ ይጀምራል፤ የተኛ ማሽን ግን የሚያውቀውን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚያሸልበው። አንዷለም ጽፎ ሲጨርስ ካፊያ ጣለ። አራት ሚሊሜትር። እውነተኛዋ አራት እሷ ብቻ ናት።

"በርህን ጠብቅ" አለኝ፤ እኔም ጠበቅኩ። ከዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሚያዝያ 27፣ አንድ ጣሳ ውሃ ቆጣሪው ላይ አፈሰስኩበት። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ነቃና፦ አራት። እሺ ብዬ ገመዱን ነቀልኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የተነቀለው ገመድ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስክሪኑ በራ፦ አራት።

ጭንቅላቴን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሰንበቴያችን ነገር ትዝ አለኝ። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ስም ሲጠራ፣ የቀረ ሰው ካለ ጎረቤቱ ድምፁን ለውጦ "አቤት!" ይልለታል፤ ቅጣት እንዳያገኘው ነው። ሰውዬው ራቤል ገበያ ይሁን ቤቱ ታሞ ይተኛ፣ መዝገቡ ላይ አለ። ይህም ማሽን ለቆጣሪው "አቤት" እያለለት ነው! ሲተኛ መስመሩን ይዘጋል። ሲነቃ መልሶ አይከፍተውም። ስለማይሰማው ቆጣሪ ሲጠየቅ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችውን አሮጌ ቁጥር ያወጣል። በእኛ ራዲዮ ቤት እንዲህ ያደረገ ወታደር ይታሰር ነበር። ከእንቅልፍ የነቃ ጣቢያ መጀመሪያ ይጣራል፤ የሚመልስለት ካጣ "አልተገኘም" ብሎ ይጽፋል እንጂ የትናንቱን መልእክት አይገለብጥም።

ሚያዝያ 30 ጠዋት ስክሪኑ እስኪበራ ጠበቅኩና፣ ማሽኑ ነቅቶ እያለ ገመዱን ሰካሁት። አዲስ እንግዳ እንደመጣበት ደንገጥ ብሎ ቆጣሪውን እንደገና ጠየቀው። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ሆነ። የጣሳዬ ውሃ!

ይህንኑ በሁለት ገጽ ጽፌ በአፈወርቅ በኩል ላክሁ። ግንቦት 12 አንዷለም መጣ። ስለ ደብዳቤዬ ምንም ሳይል ማሽኑን ከፍቶ ፕሮግራሙን ማንበብ ጀመረ፤ እኔም ከኋላው ቆምኩ። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ማሽኑ ሊተኛ ሲል የሚደረገውን የያዘ፣ ሌላው ሲነቃ የሚደረገውን የያዘ። የመተኛው ረጅም ነው። የመንቂያው ሁለት መስመር ብቻ። እንግሊዝኛዬ የራዲዮ ቤት ቢሆንም አነበብኳቸው፤ አንደኛው "በኋላ ይጻፋል" ይላል፣ ሁለተኛው "ሁሉም ደህና" ብሎ ይመልሳል።

"ወይኔ!" አለ ለራሱ፣ በለሆሳስ። "ባዶውን ነው የተውኩት።"

ሰምቼዋለሁ። መስመሩን ክፈት፣ ቆጣሪውን እንደ አዲስ አስተዋውቅ፣ ካልመለሰ ቁጥር አትጻፍ የሚል ትእዛዝ ጨመረበት። ሞላሌ አድሮ በማግስቱ ጠዋት አብረን አየን። ዜሮ። የተራበ ሰው ዜሮ አይቶ ደስ ሲለው ያኔ ነው ያየሁት፤ ያም ሰው እኔ ነኝ።

አመሰግናለሁ አላለኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ውሸቴን ነው፣ ጠብቄ ነበር።

ግንቦት 19 በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አፈወርቅ ተነሥቶ፣ "መዝገቡ ስህተት እንዳለበት ደርሰንበታል። ስህተቱ የፕሮግራሙ ከሆነ ከአዲስ አበባ ቡድን መጥቶ መመርመር አለበት፤ እስከዚያ መዝገቡ አይነካም። ወር ከዚያም በላይ ይፈጃል። በሰው ንክኪ ከተበላሸ ግን ዛሬውኑ ይሰረዛል፤ ማሳችሁ በዓይን ታይቶ ዘሩ በሳምንት ውስጥ ይገባል" አለ።

ወር ማለት የሰኔ ዘር አለፈ ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አንዷለምም ያውቃል። ተነሣና ኮሌታውን አስተካከለ።

"ፕሮግራሙን መርምሬዋለሁ፣ ደህና ነው። ችግሩ ጥበቃው ገመድ መነካካቱ ነው።"

"ውሸት!" አሉ እትዬ ይታይሽ ከኋላ። "አንተ ስትሰድበው እኔ ቆሜ ነበር! የማሽኑን ቅጥፈት ያወጣው ፈንታ አይደለም እንዴ?"

"እማማ፣ እንግዲህ እሱን ራሱን እንጠይቀው" አለና ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ቀን በፊት ከ"አንተ" ሌላ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። "ጋሽ ፈንታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ገመዱን ነቅለው ነበር ወይስ አልነቀሉም?"

ደብተሬ ብብቴ ሥር ነው። የነቀልኩት ሚያዝያ 28፣ ቅጥፈቱ የጀመረው የካቲት 20። ሁለቱን ቀኖች ማንበብ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ልጁ እዚያው ከሰው ፊት ይገላለጥ ነበር። "በኋላ ይጻፋል" የምትለዋንም እነግራቸው ነበር። ከሕማማት ረቡዕ ጀምሮ ይህችን ሰዓት ስመኝ ነው የከረምኩት። አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ይታይሽ ከተቀመጡበት ተነሥተዋል። የዘር መቀበያ ባዶ ስልቻቸውን አጣጥፈው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ከቤታቸው ይዘውት ነው የመጡት።

"ተናገር እንጂ ፈንታ!" አሉኝ።

አንዷለም ይጠብቃል። አፈወርቅ እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ ደግኖ ይጠብቃል።

አፌን ዘጋሁ። የአጥሩን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ፣ ዱላዬን አነሣሁ፣ በሰዉ መሐል አልፌ ወጣሁ።