ሳይጣሉ የመጣ ሽማግሌ

ቢልቂስ ከባሏ ጋር ሳትጣላ ሽማግሌ መጣባት።

ግንቦት ሲገባ ከኮምቦልቻ ቤቷ ተነስታ ደሴ፣ ሸዋበር፣ እናቷ ዘንድ ወጥታ ነበር። ባሏ ሀፊዝ ራሱ ነው እስከ መናኸሪያ የሸኛት፤ ቦርሳዋንም የተሸከመው እሱ ነው። ግን ሰፈር ቦርሳውን አየ እንጂ ተሸካሚውን መች አየ! መጀመሪያ «የሀፊዝ ሚስት አኩርፋ ሄደች» ተባለ፤ ትንሽ ቆይቶ «መትቷት ነው አሉ» ተባለ። ሀፊዝ እንኳን ሚስት ሊመታ፣ ዝንብ ሲያባርር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ሐኪሙ በሽታዋን «መልቲፕል ስክለሮሲስ» ይባላል አላት፤ እናቷ እትዬ ሐዋ እስከ ዛሬ «ያ ረጅሙ» ነው የሚሉት። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው፣ ያንቺ እዚህም እዚያም ተልጧል ብሎ አስረዳት። ሙቀት ሲያገኛት ከጭንቅላቷ የወጣው ትእዛዝ እግሯ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስትቀዘቅዝ ይመለሳል። የኮምቦልቻ ግንቦት ደግሞ ለማቀዝቀዝ የተፈጠረ አይደለም።

ድካሙስ? ሲሠሩ ውለው የሚመጣ፣ ሲተኙ የሚሄድ ድካም የታደለ ሰው ድካም ነው። የእሷ ጠዋት ስትነቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ፀጉሯን ልታበጥር ክንዷን ታነሣና ግማሹ ላይ ታርፋለች። «ግማሽ ሙሽራ» ይላታል ሀፊዝ፣ የቀረውን እያበጠረላት።

ደሴም ብትሆን ጀነት አልነበረችም። ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሲወርድ እግሯ ይመለስላታል፤ ግን እትዬ ሐዋ አሉ። እትዬ ሐዋ በሽታ ሁሉ ከብርድ ነው ብለው ያደጉ ናቸው። በሩን ይዘጋሉ፣ ጋቢ ይደርባሉ፣ ዝንጅብል ያፈላሉ።

«እማ፣ ጋቢውን አንሺልኝ፤ ቀለጥሁ እኮ።»

«ብርድ ነው ልጄ። ብርድ ሲገባ እንዲህ ያቀልጣል።»

ከዚህ ጋር ምን ይከራከሩታል? እናቷ ጓዳ ሲገቡ ጋቢውን ታወልቃለች፣ ሲመለሱ ትለብሳለች። ይኸም ያደክማል።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ደረሱ፤ የኮምቦልቻ ጎረቤቶቿ፣ ሼህ ጀላልና አቶ በላቸው። ለስግደት አንዱ መስጊድ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ለእርቅ ግን ሁልጊዜ አብረው ናቸው። ሀፊዝ ከኋላቸው፣ ጥፋቱ ያልተነገረው ተማሪ መስሎ ቆሟል።

«ልጄ ቢልቂስ፣» አሉ ሼህ ጀላል ዱዓቸውን አድርገው ሲያበቁ፣ «ሸይጧን በባልና በሚስት መሀል መግባት ይወዳል። ምን አደረገሽ? ንገሪን።»

«ምንም አላደረገኝም አባባ።»

«አየህ በላቸው? ሆዷን ቆልፋለች።»

«ወላሂ አልተጣላንም! የተጣላሁት ከፀሐይ ጋር ነው። ከቻላችሁ ከእሷ አስታርቁኝ።»

«በፀሐይ ይኮረፋል እንዴ? ሰባ ዓመት ኮምቦልቻ ኖርሁ፤ ምን ሆንሁ?» አሉ ሼህ ጀላል።

«ደረቁ፣» አሉ አቶ በላቸው።

ቢልቂስ ስለ ነርቩ፣ ስለ ሽቦው አስረዳች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት፤ የገባቸው ግን አይመስሉም።

«እኔም ነግሬያቸው ነበር፤» አለ ሀፊዝ። «ጥፋትህን ልትሸፍን ነው አሉኝ።»

«እሺ፣ አልተጣላችሁም እንበል፤» አሉ ሼህ ጀላል። «እንግዲያስ ዛሬ ከእኛ ጋር ውረጂና ቤትሽ ገብተሽ አንድ ማዕድ ከባልሽ ጋር ቁረሺ። ጎረቤት ይይ፣ አፍ ይዘጋ። ነገ ትመለሻለሽ። አለዚያ ግን፣ ልደብቅሽ አልችልም፣ ዘመዶቹ ሌላ ሚስት እየፈለጉለት ነው።»

ቢልቂስ ሀፊዝን አየችው። አቀረቀረ። እውነት ነው ማለት ነው። እሱ እሺ አይልም፤ ግን እንቢ ማለትም ሰውን ያደክማል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ልትከራከር ፈለገች፤ ጉልበቷን ደግሞ ፀጉሯ ላይ ጨርሳዋለች።

«እሺ፣ ልውረድ፤» አለች።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መስኮቱን ከፈተች።

«ኧረ መስኮቱን!» አሉ ሼህ ጀላል ከኋላ። «ብርድ ሊመታን ነው!»

«ዝጉት እንጂ!» አለ ሚኒባሱ በሙሉ። በምንም የማይስማማ ተሳፋሪ በመስኮት ነገር ይስማማል።

ሀፊዝ ሊለምን አፉን ሲከፍት አንዲት ሴት ተንጠራርታ መስኮቱን ዘጋችው።

የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሙቀቱ ከታች እየተነሣ ተቀበላቸው። ፎጣው ሞቀ። በቀኝ ዓይኗ የምታየው ሁሉ ብዙ ጊዜ እንደ ታጠበ ጨርቅ ቀለሙ ለቀቀ። የሚያወሩት ሰዎች ድምፅ ይሰማታል፤ ቃሉን ለመከተል ግን አቅም አጣች። ሀፊዝ እጇን ያዘ። እንዳይጨንቀው ብላ ልትጨብጠው አሰበች፤ ጣቶቿ እሺ አላሏትም።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሁሉም ወረደ። ቢልቂስ ቀረች።

«እህት፣ ቶሎ በይ እንጂ!» አለ ረዳቱ።

«እግሬን አዝዣለሁ፤» አለች ምላሷ እየተሳሰረ። «ትእዛዙ ገና ሐረጎን እየወረደ ነው።»

ሀፊዝ ብቻ ፈገግ አለ፤ እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አንድ እግሯን ወደ መሬት ስታወርድ ጉልበቷ ከዳትና እጁ ላይ ወደቀች።

«ብርድ መታት!» ብለው ሼህ ጀላል ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሏት።

«አባባ፣ በአላህ! አንሡላት!» ሀፊዝ ሲጮህ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ጋቢውን ገፎ፣ ተሸክሟት ጥላ ሥር አስቀመጣት። አቶ በላቸው ሮጠው ቀዝቃዛ ውሃ አመጡ፤ ሀፊዝ ሻሿ ላይ፣ አንገቷ ላይ፣ ክንዷ ላይ አፈሰሰው። ሼህ ጀላል ጋቢያቸውን አቅፈው ቆመው አዩ። ብዙ ቆይቶ አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ሌሎቹ፤ ከዚያ እግሯ።

ሼህ ጀላል አጠገቧ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ አፉ በይኝ።»

«ማዕዱስ?» አለች ቢልቂስ። «ሰው ሳያየኝ...»

«ማዕድ ባል ባለበት ሁሉ ይቆረሳል።» ወደ ሀፊዝ ዞሩ። «ሐሙስ ሐሙስ ብየዳ ቤትህን ዘግተህ ትወጣለህ፣ ጁምዓን ደሴ ትሰግዳለህ፣ ቅዳሜ ትወርዳለህ። ለሰፈሩም ለዘመዶችህም እኔ እናገራለሁ።»

«በሽታ ነው ብንል አላመኑን፤ እርስዎ ምን ሊሉ ነው?» አለ ሀፊዝ።

«ተጣልተው ነበር፣ አስታረቅናቸው፣ እየተመላለሰ እንዲክሳት ፈረድንበት እላለሁ። ሰው በሽታን አያምንም፤ ፍርድን ያምናል። ለእርቅ የተነገረ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ሆኖ አይጻፍም።»

«ታዲያ ጥፋተኛው እኔ ልሆን ነው?»

«አንተ ምን አለብህ፤» አሉ አቶ በላቸው፣ «ጤነኛ ነህ፣ ትሸከመዋለህ።»

ቢልቂስ መሳቅ አማራት፤ ሳቁ ደረቷ ላይ ደርሶ ደከመው።

አመሻሹ ላይ መልሰው አሳፈሯት። ሼህ ጀላልም «አልቀርም» አሉ። ፊት ተቀምጠው መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

«ኧረ ብርድ!» አለ አንዱ።

«አብሽር፣ ለአንተ የመጣውንም እኔ እቀበልልሃለሁ፤» አሉና ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ።

ቢልቂስ ሀፊዝ ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ ነፋሱ እርጥብ ሻሿን እየመታው፣ ሳትተኛም ሳትነቃም ሐረጎን ወጣች። ዘመዶቹ ስለሚፈልጉለት ሚስት ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር። ለሐሙስ አቆየችው።

ሸዋበር ሲደርሱ እትዬ ሐዋ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ጋቢውን በእሳት አሙቀው።