እምቢታ በስልሳ ጫማ ጥልቀት

ብሩክታይት የአየር ሲሊንደር አዝላ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የተነፈሰችው ሜክሲኮ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ሁሉ እንደዚያ መሰላት። ኮዙሜል የሚባለው ደሴት ላይ ባሕሩ ለብ ያለ ነው፤ በስስ ልብስ ይገባበታል። ከታች ሆነው ቀና ሲሉ የጀልባው ሆድ፣ ጠርዙ ላይ የተቀመጠው ሰው የእግር ጥፍር ሳይቀር ይታያል። ዓሦቹ ለሠርግ የተጠሩ ይመስል ለብሰው ነው የሚመጡት። እዚያ ሰው አይጠፋም። አብሯት የወረደው ኖህ ሠላሳ ሜትር ርቆ እንኳ፣ ቸርች ውስጥ የማይመታውን እስክስታ ከኮራል ድንጋዩ በላይ ሲመታው ቁልጭ ብሎ ይታያት ነበር።

ሁለቱ የተዋወቁት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአማርኛ ቸርች ባዘጋጀው የወጣቶች ጉዞ ላይ ነው። ቸርቹ ያላገባን ሰው ሁሉ ወጣት ስለሚል ኖህ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ገና ወጣት ነበር። እሷ አሌክሳንድሪያ የሰው ጥርስ ስታጸዳ ትውላለች፤ እሱ ሮክቪል ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ይውላል። "መቼ ነው ቀለበቱ?" ሲባሉ "ኧረ እኛ ዳይቭ ነው የምናደርገው" ይላሉ። ይህን መልስ ያመነ አንድ ምእመን አልተገኘም።

ሜክሲኮ ግን በየሳምንቱ አይኬድም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ ውሃ የሞላው አንድ ጉድጓድ አገኙ። እዚያ የሚለበሰው ወፍራም ጎማ ነው፤ ኮፍያው ጎማ፣ ጓንቱ ጎማ። ለመልበስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሲጨርሱ መተንፈስ ቀርቶ መሳቅ ያቅታል። ውሃው አረንጓዴ ነው። ሠላሳ ጫማ ላይ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር አለ፤ ከእሱ በታች ብርዱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። የሚያጋጥሙት ዓሦች ግራጫ ናቸው፤ ከሥራ ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ፊት አላቸው። ከሥር ባለቤቶቹ ለጎብኚ መዝናኛ ብለው ያሰጠሙት የተማሪ ባስ ተቀምጧል። ከባሱ በር ሆኖ የባሱ መሪ አይታይም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ኖህ የሞተው እዚያ ባስ አጠገብ ነው።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይህን ያህል ነው፦ ተለያዩ፣ አየር አለቀበት፣ በማግሥቱ ጠላቂ ፖሊሶች አወጡት። ብሩክታይት ብቻ የምታውቀው ደግሞ አለ። ስልሳ ጫማ ላይ የኖህ አረፋ በዛባት፤ በብርድ ውሃ ሰው አየር ቶሎ ቶሎ ይስባል። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጋጥማ ክብ ሠራች፤ በጠላቂ ቋንቋ "ደህና ነህ?" ነው። ኖህም ክብ ሠራ፤ ደህና ነኝ። ጠጋ ብላ የአየሩን መለኪያ፣ ጌጁን አየችው፤ መርፌው ቀዩ ውስጥ ገብቷል፤ አየሩ ሊያልቅ ነው። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ መተንፈሻ፣ ለጓደኛ ተብሎ የሚያዘውን ትርፉን፣ አውጥታ ዘረጋችለት። ኖህ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ በትንሹ ጎንበስ አለ። እንግድነት ሄዶ "በልቼ ነው የመጣሁት" የሚል ሰው እንደሚያደርገው።

እሷም መለሰችው። በቃ፣ ቢጫውን ወደ ደረቷ መለሰችው። አሰልጣኛቸው "የጓደኛችሁን ሲግናል እመኑ" ብሏቸው ነበር፤ እሷም እምቢን እንደ እምቢ በመቀበሏ፣ የአሜሪካ ሰው በመሆኗ ትኮራ ነበር። "ወደ ላይ" ብላ አመለከተችውና ቀድማ ዞረች። ሁለት ጊዜ እግሯን መትታ ወደ ኋላ ስትመለከት አረንጓዴ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያ መዳፍ አልለቀቃትም። ክሊኒክ ውስጥ ወንበሩ ላይ የተጋደመ ሰው ሁሉ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። በፊት እንደዚያ ያደርጉ ነበር? አታስታውስም። "እጅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ" ትላለች፤ ዝቅ ያደርጋሉ፤ መሣሪያዋን አንሥታ ስትመለስ ደረታቸው ላይ ነው።

እሑድ እሑድ ከቸርች በኋላ የኖህን እናት፣ ወይዘሮ ሸዋዓለምን ልትጠይቅ ትሄዳለች። እሳቸውም በየሳምንቱ ያንኑ ይጠይቋታል።

"ብሩኬ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?"

"ደህና ነኝ አለኝ፣ እማማ።"

"ደህና ነኝ አለ?"

"አዎ። በእጁ።"

"ተመስገን" ይላሉ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ እየቀዱ። "አልፈራም ማለት ነው።"

ውሸት አይደለም። ግን ሻዩ አንድ ቀን አልወርድ ብሏት ልብሷ ላይ ተፋችው። ያዩት ሰዎች ጭንቀት ነው አሏት። እሷ ግን ያነቃት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ያልተነገረው ነው። ልትነግራቸው አሥር ጊዜ አፏን ከፍታለች፤ አሥር ጊዜ ስለ አየር ጠባይ አውርታ ተመልሳለች።

ዓመቱ ሲሞላ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጉድጓዱ ነዳች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ብትጠየቅ "ልሰናበተው" ትል ነበር። ብቻ ለመውረድ የሚፈረም ወረቀት አለ፤ ብሞት ጥፋቱ የማንም አይደለም የሚል። አሜሪካ ወረቀት ያላዘጋጀችለት ሞት የለም። ፈረመች። ሲሊንደር የሚሞላው ጺማም ሽማግሌ ጌጁን አሳያት፦ ሦስት ሺህ፣ ሙሉ።

መስመሩን አለፈች። ብርዱ ድድዋን ያዛት። ባሱ ቀስ እያለ ከአረንጓዴው ወጣ፤ መጀመሪያ መስታወቱ፣ ቀጥሎ በሩ። በሩ ላይ ተንበርክካ አረፋዋን አዳመጠች። ሳብ፣ ለቀቅ። ሳብ፣ ለቀቅ። ከዚያ ሳብ፣ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ለቀቅ።

እስትንፋሷን ያዘች። ከጎኗ ያለው አላቆመም።

ዞር ስትል የአንድ ክንድ ያህል ርቆ ጥቁር ጓንት አየች። ጣቶቹ ክብ ሠርተዋል። ከጓንቱ ወዲያ ያለውን ውሃው ሸፍኖታል። ደህና ነኝ።

በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ ግን እጇ ቢጫውን መተንፈሻ አወጣ። ዘረጋች። ጓንቱ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ደረት መሆን ያለበት ቦታ ላይ አረፈ፤ ውሃውም በትንሹ ጎንበስ አለ።

"በሞቴ!" አለች ብሩክታይት፣ ጎማ በሞላው አፏ። የወጣው ጉርምርምታና አረፋ ነበር። ተጠጋችና እንደገና ዘረጋች። ጓንቱ ወደ ጎን ገፋው፤ አንቺው ተንፍሺበት እንደማለት። በግራ እጇ ጓንቱን ያዘችው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር፣ ግን ባዶ አልነበረም። ለሦስተኛ ጊዜ፣ እናቶች ልጅ ሲያጎርሱ እንደሚያደርጉት፣ አፍ ይኖርበታል ወዳለችው ቦታ ይዛው ገባች። "እኔ ልሙት! አፈር ስሆን!"

ቢጫው ከእጇ ተወሰደ።

ስንት ደቂቃ ጎን ለጎን እንደተነፈሱ አታውቅም። የራሷን ጌጅ ስታይ መርፌው እየወረደ ነበር። ወደ ላይ አመለከተች፤ ጓንቱንም ይዛ ተነሣች። ሠላሳ ጫማ ላይ፣ መስመሩን ሲያልፉ፣ መዳፏ ውስጥ ውሃ ብቻ ቀረ።

ሽማግሌው ጌጁን አገላብጦ አየው። "በአሥራ ስምንት ደቂቃ ይህን ሁሉ አየር? ማን ነበር አብሮሽ ሲተነፍስ?" አላት በእንግሊዝኛው፣ እየቀለደ።

"ብርድ ነው" አለችው። ብርድ አየር ይበላል፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው።

ልብሷን ቀይራ፣ ፀጉሯ እንደራሰ፣ በቀጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳች። ወይዘሮ ሸዋዓለም በሩን ሲከፍቱ ቀኑ እሑድ አለመሆኑን በፊታቸው ነገሯት።

"ምነው ልጄ? ረጥበሻል!"

"እማማ፣ ያልነገርኩዎ አለ።"

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሳታቋርጥ ነገረቻቸው፤ ጌጁን፣ ቢጫውን መተንፈሻ፣ መዳፉን። "አንድ ጊዜ ብቻ ሰጠሁት። እምቢ አለኝ፤ ተውኩት። አልለመንኩትም።" የዛሬውንም ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ሸዋዓለም የሞተ ሰው እንደማይመለስ በቸርች ሲያስተምሩ ሃያ ዓመታቸው ነው። ግን "የጠላት ሥራ ነው" አላሉም።

"ዛሬስ ተቀበለሽ?" አሉ።

"በሦስተኛው።"

"በሦስተኛው" አሉ እሳቸውም። እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ ቀሚሳቸውን ጨበጥ ለቀቅ ያደርግ ጀመር። "ስድስት ዓመቱ ነበር። ጎረቤት ዳቦ ሲሰጡት ወዲያው ተቀበለ። በሰው ፊት አሳፈረኝ ብዬ እዚህ ጋ፣ ጭኑን ቆነጠጥኩት። ደም እስኪቋጥር። 'ሦስት ጊዜ ሳይለምኑህ አትቀበል፣ የተራበ ልጅ እናት አታስመስለኝ' አልኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።"

"እማማ፣ እርስዎ አይደሉም—"

"ዝም በይ ልጄ።"

ብሩክታይት ይጮሁብኛል፣ ያባርሩኛል ብላ ነበር የመጣችው። ለዚህ አልተዘጋጀችም። ዓመቱን ሙሉ የተሸከመችውን አውርዳ ማን ላይ እንደጫነችው አሁን አየች፤ መልሳ ልትወስደው ግን መንገድ አልነበረም።

ወይዘሮ ሸዋዓለም ስልካቸውን አነሡ። ስፕሪንግፊልድ ለምትኖረው ለሴት ልጃቸው ለቲና ደወሉ፤ እንደ ልማዳቸው ስፒከሩ ላይ አድርገው።

"ቲና፣ ስሚኝ። ለልጆቹ ንገሪያቸው። ሰው የሆነ ነገር ሲሰጣቸው ወዲያው ይቀበሉ። አይግደርደሩ። መጀመሪያ ሲሰጧቸው፣ ወዲያው!"

ከወዲያ የሕፃናት ጫጫታና የቲቪ ድምፅ መጣ። ቲና ሳቀች።

"ማም፣ ዋት? እነሱማ ሳይሰጧቸውም ይወስዳሉ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። እንደዚያ ነው ያሳደግናቸው። ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

ወይዘሮ ሸዋዓለም ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የማይግደረደሩት ልጆች አንድ ነገር ሲነጣጠቁ፣ "የኔ ነው! የኔ ነው!" ሲባባሉ አዳመጡ።