የጋሽ ክላክስ አምስት ቃላት

"አባዬ፣ ለትምህርቴ አንዳንድ ነገር ልጠይቅህ?" ስትለው፣ አባቷ የምትፈተነው እሷ መሰለችው።

ያኔውኑ ልታርመው ትችል ነበር። ዋና ትምህርቷ ስታቲስቲክስ ነው፤ የእርጅና ጥናትን በተጓዳኝ፣ ማይነር አድርጋ የያዘችው ክፍሉ ጥቂት ሰው ስለሆነና እጅ አውጥቶ መናገር ስለማይበዛበት ነበር። እያደር ግን ልቧ ወደዚያው አደላ። በዚያ ሴሚስተር የሽማግሌዎች የማስታወስ ችሎታ እንዴት እንደሚለካ ተማሩ። አምስት ቃላት ይነገራቸዋል፣ ሌላ ወሬ ይወራል፣ ከዚያ ቃላቱን መልሰው ይጠየቃሉ። መምህሯ "ቤተሰባችሁ ላይ እንዳትሞክሩት" ብላቸው ነበር። ልጅቷ ግን አባቷ ቁርሱን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ "ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?" ሲል ሰምታ ልትሞክረው ቆረጠች።

"ድልድይ፣ ሳሙና፣ ዝሆን፣ መቀስ፣ ደመና" አለችው።

ስለ ጎረቤቱ አዲስ አጥር ሲያወሩ ቆይተው ቃላቱን ስትጠይቀው፣ "ሳሙና" አለ። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "ዝሆን።" ሌላው ጠፋው። ከፋው።

"በቃ ጣልኩሽ! አሁን በኔ ምክንያት ስንት ሊሰጡሽ ነው?"

"ግድ የለም አባዬ፣ ልምምድ ነው።"

የሚፈተነው እሱ መሆኑን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ተወችው። አባቷ የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቪስ ሚኒባስ ይነዳል። በልጅነታቸው ያመላለሳቸው ዛሬ ወልደው የራሳቸውን ልጆች በእሱ መኪና ያሳፍራሉ። በየበሩ እየደረሰ ጡሩምባውን ስለሚያስጮኸው ልጆቹ ጋሽ ክላክስ ይሉታል። ያቺ ሚኒባስ ከእጁ ከወጣች እሱ ቀኑን ምን ይዞ ይውላል? ይህን ማሰብ አልፈለገችም።

ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ "ነይ እስቲ፣ ያንን ፈተናሽን አምጪው" ይላት ጀመር። ቃላቱን ሳትቀይር ደጋግማ ጠየቀችው። ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን አምስቱንም በተርታ ደረደረላት።

እናቷ ከጓዳ ሰምታ፣ "ወይ ጉድ! የተጋባንበትን ቀን የማያስታውስ ሰውዬ!" አለች።

"እሱ ነጥብ የለውማ!" አላት አባቷ፤ ሦስቱም ሳቁ። ልጅቷ ያን ምሽት እፎይ ብላ ተኛች።

በነጋታው ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ ነገሩን የ"አንድ ጎረቤት" አድርጋ ለመምህሯ ነገረቻት።

"ቃላቱን ቀይረሻል?"

"አልቀየርኩም።"

"እንግዲያው አጥንቶልሻል፤ ነጥቡ ምንም አይነግርሽም።" መምህሯ ወረቀቶቿን መሰብሰብ አቁማ አየቻት። "ጎረቤትሽ ሥራው ምንድን ነው?"

"ሹፌር ነው።"

"የቃላቱን ፈተና ተዪው። አብረሽው ተሳፈሪና እዪ።"

በማግስቱ ጠዋት "ካምፓስ ታደርሰኛለህ" ብላው ጋቢና ገባች። ሚኒባሷ እንደሞላች አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ "ጋሼ፣ ቃል!" ብላ ጮኸች።

"ድል..." አለ አባቷ።

"ድልድይ! ሳሙና! ዝሆን! መቀስ! ደመና!" ልጆቹ መኪናዋን አናጓት።

አባቷ ጠቀሳት። "የልጄ ፈተና ነው ስላቸው ጊዜ እነሱ ናቸው ያስጠኑኝ። አንቺ ስታልፊ ከረሜላ እንደምገዛላቸው ነግሬያቸዋለሁ።"

አብራቸው ሳቀች። ሳቋ የቆየው እስከ አደባባዩ ነበር።

"በየት በኩል እንሂድ፣ እናንተ?" አለ አባቷ።

"በቀኝ!"

"ከዚያስ?"

"ሰማያዊው በር ጋ ታጠፍ! እንዳታልፈው ጋሼ!"

ጨዋታ መስሏት ነበር። ትንሽ እንደሄዱ ግን እጁን ማየት ጀመረች። ፍሬቻ የሚያበራው ልጆቹ ከጮኹ በኋላ ነው። አንዴም ቀድሟቸው አልታጠፈም።

ማደያው አጠገብ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ግማሾቹ "በግራ!" አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ ሊያሾፉ "በቀኝ! በቀኝ!" እያሉ ተንከተከቱ። አባቷ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላቸው የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀባቸው። ጋሽ ክላክስ በሰው ክላክስ ደነገጠ፤ መሪውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ጥርሷ የወለቀው ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

"አንቺ ንገሪኝ" አላት አባቷ ወደ ጎኑ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በየት ነው?"

እሷም በልጅነቷ በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ትምህርት ቤት የተመላለሰችው።

"በግራ ነው፣ አባዬ። ቀስ ብለህ።"

ልጆቹን ትምህርት ቤቱ ግቢ አውርደው መኪናዋ ባዶ ስትቀር አባቷ ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱም ፊት ለፊት ያለውን ግንብ ያያሉ።

"አላለፍሽም ማለት ነው?" አላት።

"ፈተናው የኔ አልነበረም፣ አባዬ። ያን ቀን ልነግርህ ይገባ ነበር። አፍሬ ነው።"

አባቷ ከመስታወቱ ላይ የሌለ አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

"እኔ ደግሞ ላንቺ ስል..." አለና ተወው። "ልጆቹ እንደሚመሩኝ ማንም አያውቅም። እናትሽም።"

"አውቃለሁ።"

"ከሰዓት ማን ይመልሳቸዋል?"

"ሌላ ሰው ይፈለጋል።"

ቁልፉን ነቀለ፤ ግን አልሰጣትም፤ መዳፉ ውስጥ ያገላብጠዋል። "እኔ ኃላፊው ጋ ገብቼ መናገር አልችልም" አላት። "አንቺም እንደሆንሽ ሰው ፊት አፍ የለሽም።"

"እሞክራለሁ።"

እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ከነሙቀቱ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ወደ ትምህርት ቤቱ የትራንስፖርት ኃላፊ ቢሮ ገብታ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ወደየቤታቸው የመለሳቸው ሌላ ሹፌር ነበር።