የፔኒ ትንፋሽ

ዳረል ሕግ ይወዳል፤ ሌላው ሰው ላይ ሲሆን። ትናንት ከጎናቸው ድንኳን የተከሉት ወጣቶች ሙዚቃ ከፍ አደረጉ ብሎ ሄዶ የፓርኩን ደንብ ቃል በቃል አንብቦላቸዋል። ዛሬ ጠዋት ግን የእግር መንገዱ መግቢያ ላይ «የወጥመድ ወቅት ነው፤ ውሻዎን በማሰሪያ ይያዙ» የሚለውን ብርቱካናማ ማስታወቂያ አንብቦ እንዳላነበበ አለፈው። የውሻቸውን የፔኒን ማሰሪያ ፈትቶም እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጣል አደረገው።

«እሰራት እንጂ፣» አለች ሚስቱ ሎርና።

«የሠለጠነች ውሻ ናት። ካንቺ ይልቅ እሷ ትሰማኛለች።»

ሎርና በትዳሯ የተማረችው ትልቁ ሙያ ዝም ማለት ነው። እህቶቿ ስለሱ ሲጠይቋት «ኧረ እኔን ነክቶኝ አያውቅም፣ ዕቃ ነው የሚመታው» ትላቸዋለች። እውነቷን ነው። በር ይመታል፣ የመኪና መሪ ይመታል፤ አንዴ የማቀዝቀዣውን ክዳን በቡጢ ብሎ አጎድጉዶታል። ዳረል ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ፔኒ ከተኛችበት ተነስታ ትመጣና ሎርና እግር ላይ ቁጭ ትላለች፤ ቁጣው እስኪያልፍም ንቅንቅ አትልም። ሎርና እዚያ ቤት ውስጥ የኔ ወገን የምትላት ያቺን ቀይ፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ውሻ ብቻ ነበር።

መንገዱ የሚሺጋንን ሐይቅ ዳር ዳር ይዞ በጥዱ መሐል ይሄዳል። የኅዳር ነፋስ ማዕበሉን እያነሳ ከድንጋዩ ጋር ያላትመዋል። ፔኒ አፍንጫዋን መሬት ላይ ተክላ ቀደም ቀደም ስትል ቆየችና ወደ ቁልቁለቱ ታጥፋ ጠፋች። ዳረል አፏጨላት። የሠለጠነችዋ ውሻ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ወዲያው ከታች ቀጭ የሚል የብረት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ጩኸት የለም፣ ምንም የለም።

ሎርና ቁልቁለቱን በቂጧ ተንሸራትታ ወረደች። ከወደቀ ግንድ ሥር አፉ ክፍት የሆነ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል፤ ውስጡ ለአውሬ ማማለያ የዓሣ ጭንቅላት አለበት። ፔኒ ራሷን ስታስገባ አራት ማዕዘን የብረት ወጥመድ አንገቷ ላይ ተገጣጥሟል። አልጮኸችም፤ የምትጮኽበት አየር አልነበራትም። ዓይኖቿ ፈጠው በአራት እግሯ አፈሩን ትቧጥጣለች።

ዳረል ደርሶ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትት ጀመር። በሁለቱም ጎን ያሉት ሞላዎች ግን ሰው በእጁ የሚያላቅቃቸው ዓይነት አይደሉም። ፔኒ በጭንቀቷ እጁን ነከሰችው፤ ጥርሷ በአውራ ጣቱ ሥር ገብቶ በሌላው በኩል ወጣ። ዳረል ተሳድቦ ሳጥኑን በእርግጫ አለው። የውሻዋ አንገት አብሮ ተናጠ።

«አትምታው! እሷን እኮ ነው የምትመታት!»

ሎርና ተንበርክካ ሁለት ጣቶቿን በብረቱና በፔኒ አንገት መካከል እንደምንም አስገባች። ብረቱ ጣቶቿን እስከ አጥንታቸው ጨመቃቸው። ግን ሲር የሚል ቀጭን ትንፋሽ በፔኒ ጉሮሮ ገባ፤ ቆይቶም ወጣ።

«አትጎትቱት! መጣሁ!» አለ አንድ ድምፅ።

የጎማ ቦቲ ያደረገ ሽማግሌ በዳርቻው ድንጋይ ላይ እየተደናቀፈ ይሮጣል። ስሙ አርቪድ መሆኑን በኋላ ነው የሰማችው። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ማሰሪያዋን አምጡ። በማሰሪያ ይከፈታል፤ አሁን እከፍተዋለሁ።»

«ወጥመዱ ያንተ ነው?» አለ ዳረል።

«የኔ ነው ልጄ፣ ፈቃድ አለኝ። ማሰሪያውን ስጠኝ እንጂ፣ አንገትህ ላይ...»

ዳረል በቡጢ አፉን አለው። ሽማግሌው በጀርባው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ዳረል ደረቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ይወቅረው ገባ፤ በተነከሰው እጁም፣ በደህናው እጁም። ደም የማን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ።

«ውሻዬን ገደልካት! አንተ የተረገምክ ሽማግሌ፣ ገደልካት!»

«አልሞተችም!» አለች ሎርና። «ዳረል፣ ትተነፍሳለች። ተወው ይክፈትላት!»

ሰምቷታል። ዞሮ አያት፤ ትንፋሽ ያላትን ውሻም አያት። ከዚያ ተመልሶ መታ።

ሎርና ያኔ ነው የገባት። የሚመታው ሰው ካገኘ ወዲያ ፔኒ ከልቡ ወጥታለች። አሁን ሎርና ራሷ ካልተነሳች ለውሻዋ ማንም የሚከፍትላት የለም፤ ለመነሳት ደግሞ ጣቶቿን ማውጣት አለባት። ጣቶቿ ሲወጡ ያ ቀጭን ትንፋሽ ይዘጋል። «ይቅር በይኝ የኔ ቆንጆ፣» አለቻትና አወጣቻቸው።

ከዳረል ኋላ መጥታ የማሰሪያውን ሁለት ጫፍ ያዘችና ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ኋላ ሳበችው። ዳረል ጉሮሮውን ይዞ ተገለበጠ። ተነስቶ ሲዞር ፊቱን አታውቀውም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ መታት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ አንድ ጥርሷ ምላሷ ላይ ወደቀ። ተፋችውና ከእግሯ ሥር ክብ የሐይቅ ድንጋይ አንስታ ጆሮ ግንዱን አለችው። እዚያው ዘፍ አለ። ማሰሪያውን ከአንገቱ መንጥቃ ወደ ፔኒ ሮጠች።

አርቪድ መንጋጋው ከቦታው ወጥቷል፣ ዓይኖቹም አብጠው ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም። ቢሆንም በሆዱ እየተሳበ አጠገቧ ደረሰ።

«በሞላው ቀለበቶች... አሾልኪው፣» አለ ደም እየተፋ። «አንዱን ጫፍ ርገጪ። ሌላውን ሳቢ።»

አሾለከችው። ረግጣ ሳበች። ሞላው ተጨመቀ፤ ሽማግሌው ተመልሶ እንዳይፈናጠር መቆለፊያውን አገባበት። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረጉት። ወጥመዱ እንደ ተራ ሳጥን በቀላሉ ተከፈተና የፔኒ ጭንቅላት ሎርና ጭን ላይ ወደቀ።

ሎርና የውሻዋን አፍ ይዛ በአፍንጫዋ ተነፈሰችላት፣ ጎኗን ጨመቀች፤ እንደገና ተነፈሰችላት። አርቪድ መዳፉን የውሻዋ ደረት ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁን አነሳ። ሎርና ግን አላቆመችም። የራሷ ደም የፔኒን አፍንጫ አቅልሞት ሽማግሌው ትከሻዋን እስኪይዛት ድረስ ስትተነፍስላት ቆየች።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው የፓርኩ ጠባቂ ወጣት ሴት ናት። ሦስት የደማ ሰውና አንድ የሞተች ውሻ ስታይ እጇ ወደ ሬዲዮዋ ሄደ። ዳረል እያለቀሰ ነበር፤ ልቅሶውም የውሸት አልነበረም።

«ይሄ ሽማግሌ ነው፣» አለ። «ወጥመዱ ገደላት። ንገሪያት እንጂ ሎሪ።»

ጠባቂዋ ወደ ሎርና ዞረች። «እመቤት፣ ምንድን ነው የሆነው?»

ሎርና ፔኒን ከጭኗ ላይ አላወረደችም። አፏ አብጦ ስለነበር ቀስ ብላ ተናገረች።

«እኚህ ሰው ሲደርሱ ውሻዬ ትተነፍስ ነበር። ሊከፍቱላት ነው የመጡት። ባሌ እየነገርኩት፣ እየሰማኝ፣ አላስከፈታቸውም። እኔንም የመታኝ እሱ ነው።»

«ሎሪ፣» አለ ዳረል።

ጠባቂዋ በሬዲዮ የምትለውን ብላ እስክትጨርስ ሎርና ጠበቀች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር፣ እንደገና ነገረቻት።