ለበቀለ የምነግረው

ስልኩ የጮኸው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ገብረየስ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጫማውን እየወለወለ ነበር። የደወለው ዮሴፍ ነው፤ ጎንደር ያለው የታላቅ ወንድሙ የበቀለ ልጅ።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እማዬስ እርስዎ ዘንድ ደህና ሰነበተች?" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባባን ትንሽ አመም አድርጎታል። እማዬ በዛሬው አውሮፕላን ብትመጣ ጥሩ ነው። ለሷ ግን አይንገሯት፤ ትደነግጣለች" አለ።

ገብረየስ ምንም አልጠየቀም። "እሺ ልጄ፣ በርታ" ብሎ ስልኩን ዘጋና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

የኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልለት አስተርጓሚ አይፈልግም። "ትንሽ አመም አድርጎታል" ማለት ሞቷል ማለት ነው። "አይንገሯት" ማለት መርዶውን በወጉ አርዷት ማለት ነው። ገብረየስ ይህን የተማረው በራሱ ላይ ደርሶ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ "ትንሽ አሟታል፣ ና" ተብሎ፣ ትቀምሰዋለች ያለውን ማር አንጠልጥሎ ጎንደር ሲገባ የተቀበለው ድንኳን ነበር። ማሩን የት እንዳስቀመጠው እንኳ እስከ ዛሬ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በስልክ የታመመ ሰው ሁሉ ለሱ የሞተ ሰው ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ያስተማረ፣ ተማሪዎቹን "ማን አለ? መቼ አለ? ብላችሁ ጠይቁ" እያለ ያደነቆረ መምህር፣ የገዛ ወንድሙ ነገር ሲመጣ ግን አንዲት ጥያቄ አላነሣም። መጠየቅ ልጁን ማስለቀስ መሰለው።

በቀለ ለሱ ወንድም ብቻ አልነበረም። አባታቸው ሲሞት ገብረየስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሳድጎ፣ አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው በቀለ ነው። የበቀለ ሚስት የሺ ደግሞ ገና ሙሽራ ሆና ስትገባ ያን ልጅ እንደ ታናሽ ወንድሟ ተቀበለችው። ዛሬ እሷ ሰባ ዓመቷ ነው፣ እሱም ጡረታ ወጥቷል፤ አሁንም ግን "እትዬ" ነው የሚላት።

የሺ ሐዋሳ የመጣችው ለሐምሌ ገብርኤል ነበር። ስለቷን ካገባች በኋላ አራት ቀን ሰነበተች፤ ይህ ሐሙስ ከተማዋን የምትጎበኝበት ቀን እንዲሆን ተነጋግረው ያደሩት እነሱው ናቸው። የላካትም በቀለ ነው ማለት ይቻላል። በቀለ አርባ ዓመት ሙሉ በጎንደር ግንብ ውስጥ እንግዳ ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው ነው። "ግንብ የሌለው ከተማ ምኑ ይጎበኛል?" እያለ ወንድሙን ያበሽቀዋል። ገብረየስም "መጥተህ እየው፣ እኔው ራሴ አስጎበኝሃለሁ" ይለዋል። ሲለው ኖረ እንጂ አላስመጣውም። ፈተና አርሜ ልጨርስ፣ ክረምቱ ይለፍ፣ ጡረታ ልውጣ ሲል የበቀለ ጉልበት ከዳው። ዘንድሮ ሚስቱን ሲሸኝ "እንግዲህ አንቺ አይተሽ ንገሪኝ" ብሏት ነበር።

ገብረየስ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ አሰበ። መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም። የሚነገረው ሊነጋ ሲል፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ባለበት ነው። ዛሬ ምንም ሳትሰማ አውሮፕላን ላይ ብትወጣ እሱ እንደገባው ድንኳን ላይ ዘው ልትል ነው። ይህንንስ በሷ ላይ አላደርግም አለ። ቀብሩ እንደሆነ ለዛሬ ነው፤ ቢሮጡም አይደርሱበት። ከሞተ ሰው ላይ ባንድ ቀን ምን ይጎድላል? አንዴ ከሰማች ደግሞ ስንት ቀን እህል እንደማትቀምስ እግዜር ያውቃል። ስለዚህ ዛሬን ትብላ፣ ዛሬን ትሳቅ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ትረዳና በጠዋቱ አውሮፕላን ይሄዳሉ። እንባውን በመዳፉ ጠረገና ወደ ቤት ገባ። "ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ" ብሎ ተቀበላትና አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የራሱን ድምፁን አጥፍቶ ኪሱ አደረገው።

በባጃጅ መጀመሪያ የሄዱት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ያወረዱትን ቆሮሶ ዓሣ በድንጋይ ላይ እየገፈፉ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም አሞሮች በዙሪያቸው ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። የሺ አንዱን አባ ኮዳ ከራሱ መላጣ እስከ እግሩ አየችና ፍርድ ቤት የማውቀውን ዳኛ ይመስላል ብላ ሳቀች። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሲቀርብላት መጀመሪያ አማተበች፤ ገብረየስ ሲጎርስ አይታ አንድ ቀመሰች፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ይሄን ለበቀለ እነግረዋለሁ። ጥሬ ዓሣ በላሁ ብለው አያምነኝም" አለች።

ገብረየስ ዳጣው አቃጠለኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን አልጠረጠረችም፤ "አንተ ልጅ ገና ዱሮም በርበሬ አትችልም" ብላ ውሃ አቀበለችው።

ከዚያ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በእግራቸው ሄዱ። የሺ ለሁሉም ነገር ዕድሜ ትጠይቃለች፤ ከተማዋ ስንት ዓመቷ ነው፣ ይሄ ዛፍ መቼ ተተከለ፣ ይሄ ቤት መቼ ተሠራ። ገብረየስ ሐዋሳ የተቆረቆረችው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ እንደሆነ ሲነግራት ቆም አለችና እኔ የተወለድኩት በአርባ ሰባት ነው፣ ከተማችሁ ታናሽ እህቴ ናት አለች። ይሄንንም ለበቀለ ከምትነግረው ውስጥ ጨመረችው። አሁን በጣቷ እየቆጠረች ነበር፤ አባ ኮዳው አንድ፣ ዓሣው ሁለት፣ ታናሽ እህቷ ሦስት። ገብረየስ ጣቶቿን ላለማየት ሐይቁን ሐይቁን ያያል። የበቀለ ፊት ግን ከሐይቁ ላይም አልጠፋም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ረጅም ቀን አሳልፎ አያውቅም።

አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ማዶ ውሃው ውስጥ የጉማሬ ጀርባ ብቅ አለ። የሺ እንደ ልጅ ደስ አላት። ከቦርሳዋ ውስጥ ስልኳን ፈለገች፣ አጣችው፣ ቻርጅ ላይ መሆኑ ትዝ አላት።

"በል ያንተን አምጣ፣ ገብሬ። አሁን ልደውልለት። ጉማሬውን እያየሁ ልንገረው።"

ገብረየስ እጁን ኪሱ ላይ ጫነ። ስልኩ እኮ በዚያው ሰዓት እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ዮሴፍ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አራተኛው። ቀብሩ አለቀ ሊለኝ ነው ብሎ አሰበ፤ ያን ከሰማ ደግሞ እዚያው ሐይቁ ዳር ዕሪ ብሎ ማልቀሱ ነው።

"አሁን ሁሉን በስልክ ከጨረስሽው ቤት ስትገቢ ምን ልትነግሪው ነው?" አላት። "ይቆይሽ፣ እትዬ። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለሽ ትነግሪዋለሽ።"

የሺ ትንሽ አሰበችና እውነትህን ነው አለች። ጉማሬው አራተኛ ሆኖ ተቆጠረ።

ምሳቸውን በሲዳማ ምግብ ቤት ቡርሳሜ በሉ። ቆጮው በቅቤ ርሶ በሸክላ ቀረበ፤ አጠገቡ እርጎ አለ። አቅራቢዋ ለእንግዳዋ አበላሉን አሳየቻት፣ የሺም ምርቃት አወረደችላት። ከሰዓት በኋላ ታቦር ተራራ ግርጌ ወሰዳት፤ መውጣት ባትችልም ከታች ሆና አንጋጣ አየችው፣ አምስተኛ አለችው። በሱሙዳ አደባባይ በኩል ዞረው ገብርኤልን ተሳልመው ቤት ሲገቡ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የሺ ነጠላዋን እያጣጠፈች እግዜር ያክብርህ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ የዋልኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም አለችው። ገብረየስ ይህን ሲሰማ ልክ የሠራ መሰለው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ትንሽ ኩራትም ቢጤ ተሰማው።

እሷ ጸሎቷን ስታደርስ ወደ ጎረቤቱ ወደ ወይዘሮ ሮማን ሄዶ ሐዘኑን ነገራት። ሮማን ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ብርሃኔ ነገረች። የነገ ጠዋቱ ትኬትም ተቆረጠ። ሁሉም ነገር እንደ ወጉ ተሰናዳ።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ሰባት ስምንት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። የሺ ለጸሎት ተነሥታ ነበር። በሩ ላይ ስታያቸው መጽሐፉን አጠፈችና "የትኛው ነው?" ብቻ አለች። አቶ ብርሃኔ በቀለ ማረፉን ነገራት። ሮማንና ሌላዋ ሴት ግራና ቀኝ ያዟት። ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች፣ ያየሁትን ሳልነግርህ እያለች ሙሾ አወረደች። ገብረየስም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያፈነውን እንባ ለቀቀው። ወንድም ጋሼ እያለ አለቀሰ። ማልቀሱ ራሱ አሳረፈው።

ጥቂት በረድ ስትል የሺ ስልኬን ስጡኝ፣ ልጄን ልስማው አለች። ገብረየስ ከመሳቢያው አውጥቶ ከፈተላት። ጆሮዋ ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የምታወራው፤ አሁንም እንደዚያው አደረገች።

"ዮሴፍ፣ አባትህን አጣን አይደል?"

ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የተሰማው ሳግ ነው። ከዚያ ዮሴፍ "እማዬ፣ ማን ነገረሽ?" አለ። "እኛ እኮ ገና አሁን አስከሬኑን ከሆስፒታል ማምጣታችን ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ያረፈው።"

ቤቱ ውስጥ ለቅሶው ቆመ።

"ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲጠራሽ ዋለ" አለ ዮሴፍ። "ድምፅሽን እናሰማው ብለን ስንደውል ያንቺ ዝግ ነው፣ ጋሼም አያነሱም። መንገድ ላይ ናት አልነው። እንግዲያው እጠብቃታለሁ አለ።"

ሰው ሁሉ ወለል ወለሉን አየ። በሕግና በሥርዓት የተጠራ ለቀስተኛ፣ አሁን ማልቀስ ይሁን መሄድ ይሁን ግራ ገብቶት ተቀመጠ። የሺ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ወደ ገብረየስ ዞረች። አልጮኸችም።

"ትናንት ሲደውልልህ ሞተ ብሎሃል?"

"አመመው ነው ያለኝ። እኔ... እንዲህ ሲባል ሞቷል ማለት ነው ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ጠይቀኸዋል?"

"አልጠየቅሁም።"

ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቀችውም። አውሮፕላን ጣቢያ እስኪደርሱ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው ሁለተኛውን በረራ ሲጠብቁ፣ ጎንደርም ሲገቡ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ገብረየስ እንድትሰድበው ተመኘ። እርግማኗን በደስታ ይቀበለው ነበር። ሁለተኛው በረራ ሲነሣ የወንበሯን ቀበቶ ማሰር ሲያቅታት፣ እሱ ሊያስርላት እጁን ዘረጋ፤ ቀስ ብላ መለሰችለትና ራሷ አሰረችው።

ቀብሩ ጠብቋቸው ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ የሺን ከበቧት፤ ገብረየስ እነሱ የሚሉት በሚሰማበት ቦታ ተቀምጦ ነበር። አንዲት ዘመድ ምነው የሺ፣ ቀኑን ሙሉ ስምሽን ሲጠራ ምነው ሳትደርሺለት ብላ ጠየቀች። ገብረየስ ያ ሰዓት መጣ አለ በልቡ። ሊነሣ፣ በሰው ሁሉ ፊት እኔ ነኝ ሊል እግሩን ሰበሰበ።

"አውሮፕላን አጥተን ነው" አለች የሺ፣ ቀና ሳትል። "ገብሬ ያልደወለበት የለም፣ ያልለመነው ሰው የለም። ምን ያድርግ?"

ዮሴፍ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ቆሞ ሰማ፤ እናቱን አየ፣ አጎቱን አየ፣ ከዚያ ውሃ ሊያመጣ ወጣ። ሴቶቹ ደግ ወንድም ነው፣ እግዜር ይስጠው አሉ። አንዷ ተነሥታ መጥታ የገብረየስን ትከሻ ሳመች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ። ገብረየስ እየተነሣ ለእያንዳንዳቸው እጅ ነሣ፤ ለአንዳቸውም እኔ ነኝ አላለም።