ለቅሶ ያልተቀመጥንላቸው

ሙሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከዳባት በላይ ባለው ቀበሌያችን በየበሩ ቁጥር የለጠፈው የጤና ጥናት ሠራተኛ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ እያለ ጠይቆ ታብሌቱ ላይ ሲጽፍ ኖሯል። የቤቱ ትልቅ ስለሆንኩ የምመልስለት እኔ ነኝ። «እማማ ጤናዬ፣ ካለፈው ወዲህ ከዚህ ቤት የሞተ አለ?» ይለኛል። «ተመስገን፣ የለም» እለዋለሁ።

መዋሸቴ አልነበረም። የልጄ የክንዴ ሚስት እስከዳር ሦስት ወልዳ ሦስቱም ክርስትና ሳይነሱ ሞተውባታል። አንዱም ሳምንት አልሞላው። እኛ ዘንድ እንዲህ ላለ ሕፃን ፍትሐት የለም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ስምም አይወጣለትም። ጎረቤት «እንኳን እሷ ተረፈች» ብሎ ይሄዳል። እስከዳር ስታለቅስ «ተይ፣ እግዜርን አታስቀይሚ» ያልኳት እኔው ነኝ። ዛሬ ያን ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።

ሰኔ ላይ ጥናቱ ሕዝቡን ማሳተፍ አለበት ተባለና የማኅበረሰብ ተወካይ ሆኜ ተመረጥኩ። ዳባት አዳራሽ አስገብተው ሻይና ዳቦ ሰጡን፤ ስሜ የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ዶክተር ሕሊና የምትባል ትሑት ልጅ ግድግዳው ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር አሳየችን። «በእናንተ ቀበሌዎች የጨቅላ ሕፃናት ሞት በጣም አነስተኛ ነው። ይህ የእናንተ ውጤት ነው!» አለች። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ቀጠለች። ሞቱ እዚህ ስላነሰ፣ እርጉዞችን ቤት ለቤት እየዞረች እንድታይ የታሰበችው አዋላጅ ነርስ የምትመደበው ሌላ ወረዳ ነው፤ እኛ ዘንድ ከእንግዲህ የሚጠናው ደም ግፊት ነው። እስከዳር ደግሞ ሰባት ወሯ ነበር።

ተነሣሁ። «በእኔ ቤት ሦስት ሞተዋል» አልኩ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት «በእኔም ሁለት» አለች። ሌላዋም ተነሣች።

ሕሊና ፊቷ ተለዋወጠ። «ታዲያ ለሙሌ ለምን አልነገራችሁትም?»

«ለቅሶ ያልተቀመጥንበትን ሞት ምን ብለን እንንገረው፣ ልጄ? እናንተስ አሥር ዓመት ስትመላለሱ ምነው አንድ ቀን ወደ ጓዳ ዘልቃችሁ እናቲቱን ብትጠይቋት?»

«እውነትዎን ነው እማማ» አለች፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ግን ዕቅዱ ተፈርሟል። በሚቀጥለው ዙር እናስተካክለዋለን።»

«መቼ ነው እሱ?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ።»

«ለምራቴ የቀራት እኮ ሁለት ወር ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰብሳቢው አመስግነውኝ፣ አስተያየቴን መዝግበው ወደ ምሳ መሩን።

እስከዳር ነሐሴ ላይ ወለደች። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ደባርቅ ሆስፒታል ልናደርሳት አልቻልንም። ሴት ልጅ ነበረች። በአምስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለች፣ በስድስተኛው ሞተች።

መስከረም ላይ ሙሌ ሳይመዘገቡ የቀሩትን ሕፃናት እንዲመዘግብ ተልኮ መጣ። ታብሌቱን ከፈተና «ስም?» አለኝ።

«ስም የላቸውም።»

«ያለ ስም አያሳልፈኝም እማማ።»

«አላቸው» አለች እስከዳር ከጓዳ። ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ሰብስቤ። አሻግሬ። ያርጋል።» ወደ እኔ ዞራ «የነሐሴዋ ደግሞ ጤናዬ» አለች።

ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር አንዱንም ስም ሰምቼ አላውቅም።

ሙሌ ሦስቱን ጻፈ። «ትንሿ ለሚቀጥለው ዙር ነች፤ ይሄ ቅጽ የሚይዘው እስከ ሰኔ ያለውን ብቻ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። እሱ ምን ያድርግ።

እሱን ሸኝቼ ደጁ ላይ ሰሌን አነጠፍኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ፤ እስከዳርንም ከጎኔ አስቀመጥኳት። ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ «ማን ሞተ?» ሲለኝ፣ አራቱንም በየስማቸው ጠራሁለት።