እርጥብ ማልያ

ማልያ ለማርጠብ ቀዝቃዛ ውሃ ይሻላል። የሙቁ እንፋሎት ያሳብቃል። ደረቱንና ብብቱን በደንብ ማራስ፣ ጀርባውን መሃል መሃሉን ብቻ፤ ከዚያ ጨመቅ አድርጎ ቅርጫት ውስጥ መወርወር ነው። በዚህ ሙያ የተካነ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መሰላል ነው። ሙያ ተብሎ የማይወራ ሙያ!

መሰላል እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። እናቱማ ይኸው እስከ ዛሬ፣ በር በገባ ቁጥር አንገቱን የሚደፋውን ያን ሁሉ ቁመት "ማሙሽ" ነው የምትለው። መሰላል ያለው የቅርጫት ኳስ ተመልካች ነው። በደጉ ጊዜ ከሁሉ በላይ ተዘርግቶ ኳሷን ከአየር ላይ ሲቀጥፍ፣ አዳራሹ ስሙን እየጠራ ጣሪያው ሊነሣ ይደርስ ነበር። መሰላል ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፣ ግድግዳ ይደገፋል። የኛም ሰው ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከውሃ ሳጥኑ አጠገብ ከተቀመጠ ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክለቡ ዋንጫ በበላበት ዓመት፣ ደስታ ልቡን አጥፍቶት፣ መሰላልን ለረጅም ዓመታት የሚያስር ውል አስፈረመው። ክፍያው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ያነበበው ሁሉ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎት ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በሞላ አዳራሽ ፊት፣ ሜዳው መሃል መሰላል ጉልበቱ ተጠምዝዞ ወደቀ። በቃሬዛ አወጡት። ቃሬዛው አጥሮት እግሮቹ ከጫፉ ወጥተው ተንጠልጥለው ነበር፤ ፎቶ አንሺዎቹም ደግ አይደሉ፣ ያችኑ አነሷት።

ጉልበቱ ዳነ፤ ዳነ ከተባለ። የቡድኑ ወጌሻ እንደሚለው ለመሄድ ይበቃል፣ ለመዝለል ግን መለመን አለበት። ከዚያ ወዲህ ክለቡ አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። እንዳያጫውተው እግሩ፣ እንዳይሸጠው ዋጋው፣ እንዳያባርረው ውሉ። ሥራ አስኪያጁ በየጊዜው ቢሮው እየጠራ፣ ውሃ እየቀዳ፣ ጤንነቱን እየጠየቀ፣ ከቀረው ከፊሉን ወስዶ በሰላም እንዲለያዩ ያግባባዋል። መሰላል ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሰው ምን አለ? ገንዘብ አያጠግበውም አለ። ለወንበር የሚከፈለው ብቸኛ ሰው አለ። ጋዜጣው በብር ክምር ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ሣለው። ሰው መቼም አፉን ሥራ አያስፈታውም።

እውነቱን የነገረው ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው።

"ሕዝቡ መጨረሻ ያየኝ በቃሬዛ ነው" አለው አንድ ቀን። "እናቴም እንደዚያው። አሠልጣኙ አንድ ቀን ይጥራኝ። ገብቼ በእግሬ ልውጣ። የተጠራሁ ዕለት በማግሥቱ መጥቼ እፈርምልሃለሁ፤ አንድ ሳንቲም ሳልከራከር።"

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የቀለደበት መስሎት ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን አየውና እጁን ዘረጋለት፤ ተጨባበጡ። ለአሠልጣኙም ነገረው። ግን አሠልጣኝ ማለት የሚፈራ ሰው ነው፤ በሃያ ነጥብ እየመራም ይፈራል። ይኼኛው ደግሞ ድሮ ከመሰላል ሥር የተጫወተ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ነበርና፣ ሲያየው ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ዘወር ይላል። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ።

እናቱ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ጨዋታ ባለ ቁጥር ቴሌቪዥኗን ከፍታ ልጇን አግዳሚው ላይ ትፈልጋለች። ለጎረቤቶቿ፣ ትልቅ ሰው ስለሆነ አስቀምጠውት ልጆቹ እንደሚሯሯጡለት ነው የምታወራው። ማታ ትደውልና ስለ ምሳው፣ ስለ እንቅልፉ ትጠይቀዋለች፤ ስለ ጨዋታው አትጠይቅም። አንዴ ብቻ አምልጧት፣ ያ ቃሬዛ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር እንደሚመጣባት ነግራዋለች። ስልኩን ከዘጋ በኋላ መሰላል ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ አመሸ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ በደጉ ጊዜ የተገዛ። ከሁለቱ ክፍሎች በቀር ሌላው አይከፈትም።

አሁን ወደ ማልያው። ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ማልያውን እያወለቀ መልበሻ ክፍሉ መሃል ካለው ትልቅ ቅርጫት ይወረውራል። የሌሎቹ ጧ እያለ ይወድቃል፣ ላብ ጠጥቷላ። የመሰላል ግን እንደ አዲስ ልብስ ተንሳፍፎ ነው የሚያርፈው። አንድ ቀን ከጎረምሶቹ አንዱ አንሥቶ አሸተተውና "የጋሼ ማልያ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ እኛም እንደሳቸው በተጫወትን!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መሰላልም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ከዚያን ቀን ጀምሮ መታጠቢያ ቤት የሚገባው መጨረሻ ነው፤ ማልያውን ይዞ።

ከጎረምሶቹ ይልቅ ያፈረው ልብስ አጣቢዋን ነው። እትዬ ይላታል። ጎረምሳ ሆኖ ቡድኑን ሲቀላቀል ጀምሮ ልብሱን ያጠበችው እሷ ናት። ድሮ መተላለፊያው ላይ ስታገኘው፣ ያንተን ማልያ ሁለት ውሃ ካላስጎነጨሁት አይለቅም፣ አቃጠልከኝ እኮ እያለች ታማርርበት ነበር። እንደዚያ ስታማርርበት የሚሰማው ኩራት የዋንጫው ዕለት እንኳ አልተሰማውም። አሁን ደረቁን ማልያ ስታይ አንጀቷን እንዳይበላት ብሎ ነው የሚያርሰው። እሷም ቅርጫቱን አንሥታ ትሄዳለች።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነበር። የተሸነፈ ወደ ታችኛው ምድብ ይወርዳል። ሁሉም ፊቱ ጠቁሯል። ወጌሻው ቁርጭምጭሚት በፋሻ እያሰረ መሰላል ዘንድ ሲደርስ፣ ተወኝ፣ ፋሻውን ለልጆቹ አድርገው አለው። ወጌሻውም አልተከራከረም።

ቀጥሎ አሠልጣኙ መጣ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ዛሬ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ እንደሆነ፣ ምንም ተስፋ እንዳያደርግ፣ እንዳይቀየመውም ነገረው። ቢያንስ ፊት ለፊት ነገረው፤ ይኼም ወንድነት ነው።

"ገባኝ" አለ መሰላል።

እንግዲህ ጥፋቱን እዚህ ላይ ሠራው። ልጆቹ ተቃቅፈው ሲፎክሩ እሱ ብቻውን መታጠቢያ ቤት ገባ። ያው ማታ ማርጠቡ አይቀር፣ የማይቀር ሥራ አሁኑኑ ይለቅ ብሎ፣ ማልያውን ከቧንቧው ሥር ዘረጋው። ደረቱን አራሰ፣ ብብቱን አራሰ፣ ጨመቀና ባዶው ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ከዚያ በካናቴራው ላይ የቱታውን ጃኬት ደርቦ ዚፑን እስከ አገጩ ሳበ። ወጥቶ ከውሃ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠ።

አይ ኳስ! ያ ሁሉ የተፈራ ባላጋራ ያን ቀን እጁን ቤቱ ረስቶ የመጣ ይመስል ነበር። የወረወረው ሁሉ ይስታል፤ የኛዎቹ በጀርባቸውም ቢወረውሩ ይገባል። ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ ልዩነቱ አይደረስበትም። አራተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተመልካቹ ፍርሃቱ ለቆት መቀለድ አማረው። ከላይኛው ወንበር አንድ ሰው "መሰላል!" ብሎ ጮኸ፤ ለቀልድ ነበር። ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው ሲቀበል ግን ቀልዱ ቀልጦ ጠፋ። ትልልቆቹ ሰዎች፣ ያን ዋንጫ ያዩት፣ ቆመው "መሰላል! መሰላል!" ይሉ ጀመር። አዳራሹ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ኳስ ከመስመር ወጥታለች። አሠልጣኙ ወደ አግዳሚው ጫፍ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ተነሣ ወንድሜ" አለው።

መሰላል ተነሣ። ሕዝቡ አበደ። እጁ ወደ ዚፑ ሄደ፣ እስከ ደረቱ ሳበው፣ እዚያ ላይ ቆመ። ነጭ ካናቴራ። ጎረምሶቹ አዩት። አሠልጣኙም አየ። በካናቴራ ሜዳ መግባት አይቻልም፤ የተጻፈ ሕግ ነው።

ከዚያ በዚያ ጉልበቱ ሮጠ። መተላለፊያውን እያነከሰ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ። መልበሻ ክፍል ሲደርስ ቅርጫቱ የለም፤ ልጆቹ ያሟሟቁበትን ካናቴራ ለማጠብ ተወስዷል። ወደ ማጠቢያው ክፍል ታጠፈ። ልብስ አጣቢዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጩኸቱን ሰምታለች። ማልያው እጇ ላይ ነው፣ ውሃው ይንጠባጠባል።

"ከሰው ልብስ አላደባለቅሁትም" አለችው። "መቼም አደባልቄው አላውቅ። በል ሩጥ ልጄ።"

ላብ ሳይሆን ውሃ መሆኑን ታውቅ ኖሯል! ለማፈር እንኳ ጊዜ አልነበረውም። እርጥቡን ማልያ በራሱ አጠለቀው፤ ጀርባው ላይ ተጣበቀበት። እየሮጠ ሳለ ፊሽካው ተነፍቶ ጨዋታው ሲቀጥል ሰማ።

ሃያ ሴኮንድ ያህል ሲቀር ከነጥብ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ፊት ደርሶ ለመግባት ተመዘገበና ተንበርክኮ ጠበቀ። ኳስ ካልቆመ ማንም አይገባም። አሠልጣኙ የእረፍት ጥያቄዎቹን በፍርሃቱ ቀደም ብሎ ጨርሷቸዋል። ልጆቹ ኳሷን በደስታ እየተቀባበሉ ሰዓቱን ይበላሉ። አሠልጣኙ ጥፋት ሥሩ፣ ጣሏት፣ አውጧት እያለ ጮኸ፤ በዚያ ጫጫታ ማን ይስማው? ባላጋራዎቹም ደክመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያያሉ። መሰላል አንድ እግሩን መስመሩ ጠርዝ ላይ አድርጎ የዳኛውን አፍ ብቻ ተመለከተ። በዕድሜው እንደዚያች ፊሽካ የለመነው ነገር የለም። ፊሽካዋ ከዳኛው አንገት ተንጠልጥላ ቀረች።

ደወሉ ጮኸ። አለቀ።

ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። መሰላልም ከሰዉ ጋር ገባ። የባላጋራዎቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጠ፤ አንዳንዶቹ እየሳቁ ማልያህን ዋና ገንዳ አስገባኸው ወይ አሉት። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ አቋረጠና ወጣ። ለሱ ብሎ ያጨበጨበ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ልጆቹን ትከሻው ላይ ተሸክሟል።

መተላለፊያው ላይ ሥራ አስኪያጁ ቆሟል። ከጭንቀቱ ብዛት ከረባቱ ጠማማ ሆኗል።

"እርሳው" አለው ሥራ አስኪያጁ። "ሜዳ አልገባህም እኮ። ለሚመጣው ዓመት..."

"ተጠራሁ እኮ" አለ መሰላል። "ውላችን መጠራት ነው። ሳልለብስ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።"

ሰውየው እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ነካው፤ እርጥበቱ ሲሰማው እጁን መለስ አደረገ። መሰላል አልፎት ሄደ።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ልጆቹ ልብስ እንኳ ሳይቀይሩ፣ በሰው ትከሻ ላይ እንዳሉ ለመጨፈር ወደ ከተማ ወጥተዋል፤ ጋሼን ትመጣለህ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ትዝ ሳይላቸው ነው። የተጣለ ፋሻና ባዶ የውሃ ጠርሙስ ብቻ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ስልኩ ጠራ።

"ማሙሽ" አለች እናቱ፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ጨዋታው ሲጨንቃት እንደ ልማዷ ደጅ ወጥታ እንደነበር፣ ጎረቤቷ ልጅሽን እየጠሩት ነው ብላ ስትጮህ ሮጣ እንደገባች በጥድፊያ ነገረችው። ስትደርስ አልቋል። ግን አይታዋለች።

"አየሁህ" አለችው። "በእግርህ ስትወጣ አየሁህ። ላብ በላብ ሆነህ።"

መሰላል እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። እናቱ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው።

"አዎ እማዬ" አለ።

ያ ቃሬዛ ከዓይኔ ጠፋልኝ አለች። ዛሬ እንቅልፍ እተኛለሁ አለች። ስንት ነጥብ እንዳገባ አልጠየቀችም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቃ አታውቅም። ቤት መጥቶ እንዲያርፍ፣ ሰውነቱ መክሳቱን በቴሌቪዥን እንዳየች፣ ብዙ ብዙ አወራች። በመጨረሻ እንደ ልጅነቱ ተቆጣችው።

"በል ቶሎ ልብስህን ቀይር። ላቡ በላይህ ላይ ሳይበርድ።"

"እሺ እማዬ።"

ስልኩን ዘጋ። ማልያውን ግን አላወለቀውም። የቧንቧው ውሃ ጀርባው ላይ እየቀዘቀዘ፣ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ሲገባ እየተሰማው፣ ልብስ አጣቢዋ ልትወስደው እስክትመጣ ድረስ እንደለበሰው ተቀመጠ።